የሌክሰስ ታሪክ፦ ከቶዮታ ምስጢራዊ ስብሰባ እስከ ኢስትሊ ጎዳናዎች

በናይሮቢ፣ ኢስትሊ ጎዳና ዳር ለግማሽ ሰዓት ያህል የቆመ ሰው የቶዮታን የቤተሰብ ታሪክ በዓይኑ ያያል። ከሜሩ ደጋማ አካባቢ ጫት ጭኖ ሲገሰግስ ያደረ ፕሮቦክስ ከ6 እና ከ9 ቁጥር ማታቱዎች ጋር ይጋፋል። ከኋላው ሃሪየር ይከተላል። ቀጥሎ መስታወቱ የጠቆረ ላንድክሩዘር፣ አልፎ አልፎም በሞላላ ክብ ውስጥ የላቲን 'ኤል' ፊደል የተቀረጸበት ግዙፍ መኪና ያልፋል።

የመጨረሻው ሌክሰስ ነው። በኢስትሊ ገበያ ግን 'ሌክሰስ' የሚለው ስም ምልክቱ ካለባቸው ጥቂት መኪኖች ሰፋ ባለ ሁኔታ ይነሳል። ያገለገለ ሃሪየር የሚሸጥ ደላላ፣ መኪናው "በአሜሪካ ሌክሰስ የሚባለው ነው" ብሎ ዋጋውን ከፍ ማድረጉ የተለመደ ነው።

አባባሉ ለአንዳንዶቹ ሃሪየሮች እውነት ነው። ለሌሎቹ ግን አይደለም። ለዓመታት በዕቁብ የተጠራቀመ ገንዘብ ይዞ ወደ ገበያ ለሚወጣ ሰው ልዩነቱ ቀላል አይሆንም። ልዩነቱን ለመረዳት ደግሞ የሌክሰስን አነሳስ፣ ከዚያም አንድ መኪና እንዴት በሁለት ስም ሊጠራ እንደቻለ ማወቅ ያሻል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመታቱ የተጠቀሱት፣ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው።

ገደቡ የወለደው ሐሳብ

በ1970ዎቹ የነዳጅ ዋጋ ሲንር አሜሪካውያን ትንንሽና ነዳጅ ቆጣቢ የሆኑትን የጃፓን መኪኖች በገፍ መግዛት ጀመሩ። የዲትሮይት ፋብሪካዎች ሠራተኞቻቸውን ሲቀንሱ በዋሽንግተን ፖለቲካዊ ጫናው በረታ። በዚህም የተነሳ ጃፓን በ1981 ወደ አሜሪካ የምትልካቸውን መኪኖች ቁጥር በዓመት 1.68 ሚሊዮን ላይ ለመገደብ ተስማማች።

ስምምነቱ ያልታሰበ ውጤት አስከተለ። የሚላከው መኪና ቁጥር ከተገደበ፣ ትርፍን ማሳደግ የሚቻለው ከእያንዳንዱ መኪና የሚገኘውን ገቢ ከፍ በማድረግ ነው። በመሆኑም የጃፓን ኩባንያዎች ርካሽ መኪኖችን ከማብዛት ይልቅ ውድ መኪኖችን ወደ መሥራት አማተሩ። ሆንዳ ቀድሞ በ1986 አኩራ የተሰኘ የቅንጡ መኪና ምርቱን በአሜሪካ ሲያስተዋውቅ፣ ኒሳን ደግሞ በ1989 ኢንፊኒቲን ይዞ ብቅ አለ።

በቶዮታ በኩል የነገሩ መነሻ ነሐሴ 1983 የተካሄደ ምስጢራዊ ስብሰባ ነበር። የወቅቱ የኩባንያው ሊቀ መንበር ኢጂ ቶዮዳ ለከፍተኛ ኃላፊዎቻቸው አንድ ጥያቄ አቀረቡ፦ በዓለም ምርጥ ከሚባሉት ጋር የሚፎካከር ቅንጡ መኪና መሥራት እንችላለን ወይ?

ጥያቄው ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ቶዮታ የሚታወቀው በማይበላሽና ዋጋው በማይከብድ መኪና እንጂ ባለጸጎች በሚመኙት መኪና አልነበረም። በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ አሜሪካ የላከው ክራውን የተሰኘ መኪና የአገሪቱን ፈጣን አውራ ጎዳናዎች መቋቋም ተስኖት ገበያ ማጣቱም ከኩባንያው ትዝታ አልጠፋም።

'ግን ደግሞ'

ለፕሮጀክቱ 'ኤፍ ዋን' የሚል የምስጢር መጠሪያ ተሰጠው። በሂደቱ 1 ሺህ 400 ገደማ መሐንዲሶችና 2 ሺህ 300 ቴክኒሻኖች ተሳትፈዋል። ወደ 450 የሚጠጉ የሙከራ መኪኖች ተሠርተዋል። ወጪው ከአንድ ቢሊዮን ዶላር እንደበለጠ ይነገራል።

በ1985 ቡድኑ ሰዎቹን ወደ ካሊፎርኒያ ልኮ፣ ላጉና ቢች በተባለች የባሕር ዳርቻ ከተማ ቤት ተከራይተው ባለጸጋ አሜሪካውያን እንዴት እንደሚኖሩ፣ መኪናቸውን እንዴት እንደሚጠቀሙና ከመኪና ምን እንደሚጠብቁ እንዲያጠኑ አድርጓል።

የምሕንድስናው መሪ ኢቺሮ ሱዙኪ እርስ በርሳቸው የሚጋጩ የሚመስሉ ግቦችን አንድ ላይ አስቀመጡ። መኪናው ፈጣን ይሁን፣ ግን ደግሞ ነዳጅ አይብላ። ፀጥ ያለ ይሁን፣ ግን ደግሞ ቀላል ይሁን። ፍጥነቱ በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር እንዲደርስ ተፈለገ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲከንፍ ደግሞ በውስጡ የሚሰማው ድምፅ ከ58 ዴሲቤል እንዳያልፍ ታቀደ። ይህ ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ሳያነሱ ከሚያደርጉት ጨዋታ ጋር የሚቀራረብ ነው።

የሱዙኪ ዘዴ ድምፅን በወፍራም መከለያ ማፈን ሳይሆን ከምንጩ ማጥፋት ነበር። ሞተሩ የሚንቀጠቀጠው ክፍሎቹ ፍጹም ስላልተመጣጠኑ ከሆነ፣ መፍትሔው ክፍሎቹን ይበልጥ በጥንቃቄ መሥራት ነው። መከለያ ክብደት ይጨምራል፤ ክብደት ደግሞ ነዳጅ ይበላል። ጥራቱን ከፍ ማድረግ ግን ሁለቱንም ችግሮች በአንድ ጊዜ ይፈታል። ለዚህ ሲባል 4 ሊትር የሚይዝ፣ ስምንት ሲሊንደር ያለው፣ 250 የፈረስ ጉልበት የሚያመነጭ አዲስ ሞተር ተሠራ።

የሲሊንደሮቹ አደራደር የላቲንን 'ቪ' ፊደል ስለሚመስል እንዲህ ያለው ሞተር 'ቪ8' ይባላል። ይህ ስም ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ 'ቪ8' ማለት የሞተር ዓይነት ሳይሆን የባለሥልጣንና የባለሀብት መለያ የሆነው ላንድክሩዘር ነው።

ስም ፍለጋ

መኪናው ቶዮታ ተብሎ እንደማይሸጥ ቀድሞ ተወስኗል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ለጀርመን ቅንጡ መኪና የሚከፍለውን ያህል ገንዘብ አውጥቶ፣ ጎረቤቱ ለሥራ የሚነዳውን መኪና ስም የተሸከመ መኪና የሚገዛ ሰው ጥቂት ነው።

ለስም ፍለጋ የተቀጠረ አሜሪካዊ አማካሪ ድርጅት 219 ስሞችን አቀረበ። 'አሌክሲስ' የሚለው ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች አንዱ ሆነ። ይሁን እንጂ የሰው ስም መምሰሉ፣ በዚያ ዘመን በአሜሪካ እጅግ ታዋቂ ከነበረ የቴሌቪዥን ድራማ ገጸ ባሕርይ ጋርም መገጣጠሙ አሳሰበ። ስለዚህ የመጀመሪያው ፊደል ተቆርጦ፣ መጨረሻውም ተለውጦ 'ሌክሰስ' ተባለ።

ስሙ ወዲያው ፍርድ ቤት አስቆመው። 'ሌክሲስ' የተባለ የሕግ መረጃ አገልግሎት የሚሸጥ ኩባንያ፣ ስሜ ይደበዝዛል በማለት ቶዮታን ከሰሰ። በታኅሣሥ 1988 መጨረሻ የኒውዮርክ ፍርድ ቤት ቶዮታ ስሙን እንዳይጠቀም አገደ። መኪናው በዲትሮይት ዐውደ ርዕይ ለዕይታ ሊቀርብ የቀረው ቀናት ብቻ ነበር። በመጋቢት 1989 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው፤ ሁለቱ ስሞች ሊምታቱ እንደማይችሉ በመግለጽም ለቶዮታ ፈረደ።

ስምንት ሺህ መኪናዎች፣ ሁለት ቅሬታዎች

የመጀመሪያው ሌክሰስ፣ 'ኤልኤስ 400'፣ በመስከረም 1989 በአሜሪካ ለሽያጭ ቀረበ። ዋጋው ከ35 ሺህ ዶላር ይጀምር ነበር፤ ይህም ተፎካካሪ ከሆኑት የጀርመን መኪኖች ዋጋ በእጅጉ ያነሰ ነው። በአንድ ዝነኛ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ የመኪናው ኮፈን ላይ የሻምፓኝ ብርጭቆዎች እንደ ፒራሚድ ተደርድረው ታዩ። ጎማዎቹ በሚሽከረከር መፈተሻ ላይ በሰዓት ከ230 ኪሎ ሜትር በላይ ሲበሩ አንድም ብርጭቆ አልወደቀም።

ዝናው ገና ሳይጸና ግን ፈተና መጣ። ሽያጭ በተጀመረ በሦስት ወር ውስጥ ሁለት ደንበኞች ቅሬታ አቀረቡ። ነገሩ ከኤሌክትሪክ መስመርና ከልክ በላይ ከሚግል የፍሬን መብራት ጋር የተያያዘ ነበር።

ኩባንያው ሁለቱን መኪኖች ጠግኖ ዝም ማለት ይችል ነበር። ያደረገው ግን እስከዚያ ጊዜ የተሸጡትን 8 ሺህ ገደማ መኪኖች በሙሉ መጥራት ነው። ቴክኒሻኖች ደንበኞች ቤት ድረስ እየሄዱ መኪናዎቹን ወሰዱ። ጥገናው ካለቀ በኋላ አጥበውና ነዳጅ ሞልተው መለሱ። ሥራው በ20 ቀናት ገደማ ተጠናቀቀ። ውርደት ሊሆን ይችል የነበረው አጋጣሚ የሌክሰስ መታመኛ ሆነ።

በመጀመሪያው ሙሉ ዓመት፣ በ1990፣ በአሜሪካ ከ63 ሺህ በላይ የሌክሰስ መኪኖች ተሸጡ። ከ2000 እስከ 2010 ባሉት ዓመታት ደግሞ ሌክሰስ በአገሪቱ የቅንጡ መኪኖች ገበያ ቀዳሚ ሆኖ ዘለቀ። ቀዳሚነቱን ያጣው ጃፓን በከባድ የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ በተመታችበትና ምርቱ በተስተጓጎለበት በ2011 ነበር።

አንድ መኪና፣ ሁለት ስም

ለኢስትሊ ገዢ ቁልፉ ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ሌክሰስ ለ16 ዓመታት ያህል በትውልድ አገሩ በጃፓን አይሸጥም ነበር። እዚያ ተመሳሳይ መኪኖች የሚሸጡት በቶዮታ ስም ነው። በአሜሪካ 'ኤልኤስ' የተባለው በጃፓን 'ሴልሲዮር'፣ 'ኢኤስ' የተባለው ደግሞ 'ዊንደም' ነበር። 'ጂኤስ' ደግሞ 'አሪስቶ' ይባል ነበር።

ላንድክሩዘርም ከዚህ አላመለጠም። በ1996 የወጣው የመጀመሪያው ሌክሰስ 'ኤልኤክስ' የተሠራው በላንድክሩዘር 80 ላይ ነው። ተከታዩ 'ኤልኤክስ 470' በጃፓን 'ላንድክሩዘር ሲግነስ' ተብሎ ተሽጧል። ዛሬም ቢሆን 'ኤልኤክስ' እና ላንድክሩዘር በአንድ መሠረት ላይ የሚገነቡ ወንድማማቾች ናቸው። የሚገርመው፣ በ2021 ከወጡት አዲሶቹ ላንድክሩዘር 300 እና ሌክሰስ 'ኤልኤክስ 600' መካከል አንዳቸውም ስምንት ሲሊንደር የላቸውም፤ የሁለቱም ሞተር ስድስት ሲሊንደር ያለው ነው። ሞተሩ ቢቀየርም 'ቪ8' የሚለው ስም በአዲስ አበባ አፍ ላይ ቀርቷል።

ሃሪየር የመጣው በታኅሣሥ 1997 ነው። ስሙ ጭልፊትን ከሚመስል አዳኝ ወፍ የተወሰደ ሲሆን፣ መኪናው ፊት ላይም የቶዮታ ምልክት ሳይሆን የወፍ ምስል ይታይ ነበር። በ1998 ይኸው መኪና 'ሌክሰስ አርኤክስ 300' ተብሎ አሜሪካ ገባ። እንደ ጭነት መኪና ሳይንገጫገጭ፣ እንደ ቤት መኪና በምቾት የሚሄድ ከፍ ያለ መኪና በመሆኑ በቅንጡ መኪኖች ዘንድ አዲስ ፋሽን ፈጠረ። በ2003 የወጣው ሁለተኛው ትውልድ ሃሪየርም እንዲሁ የ'አርኤክስ' መንታ ነው።

በ2005 ግን ቶዮታ ሌክሰስን በጃፓን በራሱ ስም መሸጥ ጀመረ። የንድፍና የምሕንድስና ክፍሎቹንም ለየ። መንትዮቹ የተለያዩት ከዚያ በኋላ ነው። በ2009 አዲስ 'አርኤክስ' በሌክሰስ ስም ብቻ ሲወጣ፣ ሃሪየር የድሮ አካሉን ይዞ ለጥቂት ዓመታት ቀጠለ። በ2013 መጨረሻ የመጣው ሦስተኛው ሃሪየር ከሌክሰስ ጋር ሳይሆን ከቶዮታ 'ራቭ ፎር' ጋር የሚቀራረብ መኪና ሆነ። በ2020 የወጣው አራተኛው ደግሞ በአሜሪካ የተሸጠው 'ቶዮታ ቬንዛ' ተብሎ ነው።

ወደ ኢስትሊ የሚወስደው መንገድ

አንድ ጃፓናዊ ገና በደንብ የሚሠራ መኪናውን ለምን ይሸጣል? ከምክንያቶቹ አንዱ የአገሪቱ የተሽከርካሪ ምርመራ ነው። አዲስ መኪና መጀመሪያ በሦስተኛው ዓመት፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ ጥብቅና ውድ ምርመራ ማለፍ አለበት። ብዙ ባለቤቶች ለምርመራና ለጥገና ከመክፈል መኪናውን ሸጠው አዲስ መግዛት ይመርጣሉ። መኪናዎቹ ወደ ጨረታ ይወጣሉ። እዚያ እያንዳንዱ መኪና ተፈትሾ፣ ጭረቱና ጥገናው በአንድ ወረቀት ላይ ተመዝግቦ፣ የደረጃ ነጥብ ተሰጥቶት ይሸጣል። ከዚያም በመርከብ ይጫናል።

ለኬንያ ጃፓን ተስማሚ ገበያ ናት። ሁለቱም አገሮች በመንገዱ ግራ በኩል የሚነዱ በመሆናቸው የመኪናው መሪ በቀኝ በኩል ነው። የኬንያ ሕግ ከመጀመሪያ ምዝገባቸው ስምንት ዓመት ያለፋቸው ያገለገሉ መኪኖች እንዳይገቡ ይከለክላል። ከመጫናቸው በፊትም በኬንያ የደረጃዎች መሥሪያ ቤት በተወከሉ ድርጅቶች ተፈትሸው የብቃት ማረጋገጫ ማግኘት አለባቸው። ቀጥሎ ሞምባሳ ወደብ፣ ጉምሩክ፣ በሞተሩ መጠን የሚጨምር የኤክሳይስ ታክስና 16 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይጠብቋቸዋል።

ኢስትሊ የዚህ ጉዞ መዳረሻ የሆነችው በአጋጣሚ አይደለም። በቅኝ ግዛት ዘመን በተለይ የእስያ ተወላጆች የሰፈሩባት ይህች ሰፈር፣ በ1991 የሶማሊያ መንግሥት ሲፈርስ የስደተኞች መጠጊያ ሆነች። በዚያው ዓመት ደርግ ሲወድቅም ከኢትዮጵያ የወጡ ብዙዎች ተቀላቀሏት። ጋሪሳ ሎጅ የተባለው ማደሪያ ክፍሎቹ ወደ ሱቅነት ሲለወጡ የኢስትሊ የንግድ አብዮት ተጀመረ። ዛሬ 'ትንሿ ሞቃዲሾ' የሚል ቅጽል ያተረፈችው ሰፈር እንደ ቢቢኤስ ያሉ ግዙፍ የገበያ ማዕከላት አሏት።

የኢስትሊ ገንዘብ በአብዛኛው የሚንቀሳቀሰው በመተማመን ነው። ሐበሾቹ ዕቁብ የሚሉትን ሶማሊዎቹ 'ሐግባድ' ወይም 'አዩቶ' ይሉታል። ወለድ መክፈል በእምነታቸው ለተከለከለባቸው ነጋዴዎች ይህ መኪና ለመግዛት ከሚያስችሉ መንገዶች አንዱ ነው። ገንዘቡ የብዙ ሰው ላብ በመሆኑ፣ በመኪናው ላይ የሚፈጠር መታለል የአንድ ሰው ኪሳራ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ሁሉም ሃሪየር ሌክሰስ አይደለም

የስምንት ዓመቱን ገደብና የሃሪየርን ታሪክ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ለምሳሌ በ2025 ወደ ኬንያ መግባት የሚችሉት ከ2018 ወዲህ የተመዘገቡ መኪኖች ነበሩ። በሌላ አነጋገር፣ ዛሬ ከሞምባሳ ወደብ የሚወጣ ማንኛውም ሃሪየር ሦስተኛው ወይም አራተኛው ትውልድ ነው። ከሌክሰስ ጋር መንታ የነበሩት ሃሪየሮች ከብዙ ዓመታት በፊት የገቡና በኬንያ መንገዶች ያረጁት ብቻ ናቸው።

ይህ ማለት አዲሶቹ ሃሪየሮች መጥፎ ናቸው ማለት አይደለም። ጠንካራ፣ ምቹ፣ መለዋወጫቸውም በቀላሉ የሚገኝ ቶዮታዎች ናቸው። ነገር ግን "ሌክሰስ ነው" ተብሎ የሚጨመረው ዋጋ መሠረት የለውም። በአንጻሩ ለአሮጌው ሃሪየር አባባሉ እውነት ቢሆንም፣ የተገዛው የሌክሰስ ምሕንድስና የሃያ ዓመት ድካም ያለበት ነው።

ፊት ላይ የተለጠፈ ምልክትም ማስረጃ አይሆንም። ምልክት በጥቂት ሽልንግ ይገዛል፣ በደቂቃዎችም ይለጠፋል። የማይዋሸው የሻንሲ ቁጥሩ ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ መኪኖች በሞዴሉ መለያ የሚጀምር አጠር ያለ የሻንሲ ቁጥር አላቸው። ለአሜሪካ፣ ለአውሮፓ ወይም ለባሕረ ሰላጤው ገበያ የተሠራ ሌክሰስ ግን 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉት ቁጥር ይይዛል።

የማይከተል ጥሪ

የሌክሰስ ታሪክ የስኬት ብቻ አይደለም። በነሐሴ 2009 በካሊፎርኒያ፣ ሳንዲያጎ አቅራቢያ አንድ ከሥራ ውጪ የነበረ የፖሊስ ባልደረባ ከመኪና ሻጭ በውሰት የተሰጠውን ሌክሰስ 'ኢኤስ 350' እየነዳ ሳለ መኪናው አልቆም ብሎት እርሱና ሦስት የቤተሰቡ አባላት ሞቱ። ለመኪናው የማይስማማ የወለል ምንጣፍ የነዳጅ መስጫውን ፔዳል ጠምዶ መያዙ በምርመራ ተገለጸ። በቀጣዩ ወር ቶዮታ 3.8 ሚሊዮን የቶዮታና የሌክሰስ መኪኖችን በዚሁ ምክንያት ጠራ። የኩባንያው ፕሬዝዳንት አኪዮ ቶዮዳ በየካቲት 2010 በአሜሪካ ምክር ቤት ቀርበው ይቅርታ ጠየቁ። በ2014 ኩባንያው ለሕዝብ የሰጠው መረጃ አሳሳች ነበር በሚል የቀረበበትን የወንጀል ምርመራ ለመቋጨት 1.2 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የታካታ ኤርባግ ጉዳይ የሰፋ ነው። የዚህ ጃፓናዊ አምራች ኤርባግ መንፊያ ለረጅም ጊዜ ለሙቀትና ለእርጥበት ሲጋለጥ ባሕርዩን ይቀይራል። በግጭት ጊዜም ፈንድቶ የብረት ስብርባሪ ሊረጭ ይችላል። ከተጠሩት በአሥር ሚሊዮኖች ከሚቆጠሩ መኪኖች መካከል የሌክሰስ ሞዴሎች ይገኙበታል። ታካታ ራሱ በ2017 ኪሳራ አውጇል።

በ1989 ቴክኒሻኖች የደንበኞችን በር አንኳኩተው ነበር። የኢስትሊን በር ግን የሚያንኳኳ የለም። በጃፓን የተሸጠ መኪና የጥገና ጥሪ ሲደረግለት ደብዳቤው የሚላከው በጃፓን ለተመዘገበው ባለቤት ነው። መኪናው ባሕር ተሻግሮ፣ ሦስት አራት እጅ ተለዋውጦ ኬንያ ሲገባ ጥሪው አይከተለውም። እንደ ሞምባሳ ባለ ሞቃትና ወበቃማ ከተማ ለሚነዳ አሮጌ መኪና ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

መፍትሔው ያን ያህል ከባድ አይደለም። የጃፓኑ የቶዮታ ድረ ገጽ የሻንሲ ቁጥር ተቀብሎ መኪናው ያልተፈጸመ ጥሪ እንዳለበት ያሳያል። ጽሑፉ በጃፓንኛ ቢሆንም የስልክ መተርጎሚያ ይበቃል።

ድንበር ማሻገር ይቻላል?

በኢስትሊ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሌላ ጥያቄ አለ፦ መኪናውን በሞያሌ በኩል ወደ አገር ቤት ወስዶ መኖሪያ ማድረግ ይቻላል?

የመጀመሪያው እንቅፋት መሪው ነው። ኢትዮጵያ በ1964፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1956 ዓ.ም.፣ ከግራ ወደ ቀኝ መስመር ስለተሻገረች፣ የኬንያ መኪና መሪ ለኢትዮጵያ መንገድ የተቃረነ ነው። ሶማሊላንድ በቀኝ በኩል እየነዳች መሪያቸው በቀኝ የሆኑ የጃፓን መኪኖችን ታስተናግዳለች፤ ኢትዮጵያ ግን ይህን አልመረጠችም። መሪን ከቀኝ ወደ ግራ ማዞር በተለያዩ ገበያዎች የሚሠራ ሥራ ቢሆንም፣ የመሪውን ጥርስ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩንና ኤርባጉን የሚነካ በመሆኑ፣ በጥንቃቄ ካልተሠራ አደጋው ከመንገድ ላይ ይጠብቃል።

ሁለተኛው ታክስ ነው። በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖች ላይ እጅግ ከፍተኛ ክፍያ ጥሏል። ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። በጥር 2024 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ፣ የኤሌክትሪክ ካልሆኑ በስተቀር የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ለምክር ቤት አስታወቁ። ምክንያቱ ለነዳጅ በየዓመቱ የሚወጣው በቢሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ነው።

ስለዚህ በኢስትሊ የተገዛ ባለ ቤንዚን ሃሪየርም ሆነ ሌክሰስ ኑሮው ኬንያ ነው። ወደ አገር የመመለስ ሐሳብ ያለው ሰው ይህን ከወዲሁ በስሌቱ ውስጥ ማስገባት ይኖርበታል።

ቀጣዩ ምዕራፍ

ሌክሰስ ራሱም ወደ ኤሌክትሪክ እያመራ ነው። በ2005 'አርኤክስ 400ኤች' የተሰኘውን፣ በነዳጅና በኤሌክትሪክ የሚሠራ የመጀመሪያውን ቅንጡ ሀይብሪድ መኪና አስተዋውቋል። በ2020 'ዩኤክስ 300ኢ' የተባለ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪና አወጣ። በታኅሣሥ 2021 ደግሞ በ2035 በዓለም ዙሪያ የሚሸጣቸው መኪኖች በሙሉ የኤሌክትሪክ እንዲሆኑ ግብ አስቀምጧል። በ2024 ብቻ በዓለም ከ850 ሺህ በላይ ሌክሰሶች ተሸጠዋል።

የጃፓን ሀይብሪዶች በኬንያ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ ውስጥ መታየታቸው ለኢስትሊ ገዢ አዲስ ጥያቄ ያመጣል። ከሞተሩና ከማርሹ በተጨማሪ የባትሪው ዕድሜ መታየት አለበት፤ ባትሪውን የሚፈትሽ ባለሙያም ከግዢው በፊት መፈለግ ይኖርበታል።

ባለሙያዎች ያገለገለ የጃፓን መኪና ለሚገዛ ሰው የሚመክሯቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው። የጨረታውን ወረቀት መጠየቅና በላዩ የሰፈረውን ኪሎ ሜትር ከመኪናው ቆጣሪና ከመላኪያ ምርመራው ሰነድ ጋር ማስተያየት። የሻንሲ ቁጥሩን ከሰነዱ ላይ ሳይሆን ከመኪናው አካል ላይ ማንበብ፣ ከዚያም ከባለቤትነት መታወቂያው ጋር ማመሳከር። ያልተፈጸመ የጥገና ጥሪ መኖሩን ማጣራት። በመጨረሻም ደላላው ካመጣው ሳይሆን ገዢው ራሱ ከመረጠው ጋራዥ ማስፈተሽ።

ሌክሰስ ስሙን የገነባው የሁለት ሰዎችን ቅሬታ ሰምቶ ስምንት ሺህ መኪና በመጥራቱ ነው። መኪናው በሦስተኛ ባለቤቱ እጅ ኢስትሊ ሲደርስ ግን ያ ጥንቃቄ አብሮት አይመጣም፤ የገዢው ኃላፊነት ሆኖ ይቀራል።